የምክር ዓምድ፦ «ገንዘቧ ከነመርዟ ይቅርብኝ»

«ክቡር አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 43 ነው። በባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ እኖራለሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ከልጅነት ጀምሮ አብራኝ ያደገች ጓደኛ ነበረችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በየሳምንቱ 3,000 ብር የሚጣልበት፣ 40 አባላት ያሉት ዕቁብ ስትገባ ዋስ ሆንኩላት። በ11ኛው ሳምንት ዕጣው ወጣላት፤ 120,000 ብሩን ተቀብላ ከከተማው ጠፋች። የቀሩትን 29 ሳምንታት የጣልኩት እኔ ነኝ፤ 87,000 ብር መሆኑ ነው። የእናቴን ወርቅ ሸጬ ነው የጨረስኩት። ከዓመት በኋላ ተመለሰችና ሐይቁ ዳር ትንሽ ሻይ ቤት ከፈተች። ሁለት ሽማግሌዎች ልካ በየወሩ 2,000 ብር ልክፈል ብላ ነበር፤ ‹ገንዘቧ ከነመርዟ ይቅርብኝ› ብዬ መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ 18 ወር አልፏል። አሁን በሻይ ቤቷ በኩል ላለማለፍ ባጃጅ ይዤ በሌላ መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ጨጓራዬ ይነድዳል። የ9 ዓመት ልጄ ከእርሷ ሴት ልጅ ጋር መጫወት ትታለች። ባለፈው ወር ትንሹ ልጇ ታሞ ሆስፒታል ገባ ሲሉኝ ደስ አለኝ። በዚያች ሌሊት ራሴን ፈራሁት። ምን ሆኜ ነው? እርሷም አባል ስለሆነች ከዕድራችን መውጣት አስቤአለሁ። እባክዎ ‹ይቅር በያት› ብቻ አይበሉኝ፤ ይህን ያላለኝ ሰው የለም።»

ውድ እኅታችን፣

ደብዳቤዎ ስድስት ገጽ ስለነበረ አሳጥረን አትመነዋል፤ ማንነታችሁን የሚያሳውቀውንም ሁሉ አውጥተናል። «ይቅር በያት» አልልዎትም። ይህም ልመናዎን ለማክበር ብቻ ሳይሆን፣ ይቅርታ እንደ ግብር ቀን ተቆርጦለት የሚጠየቅ ነገር አይደለም ብዬ ስለማምን ነው። የተበደለን ሰው ገና ከወደቀበት ሳይነሣ «ይቅር በል» እያሉ የሚወተውቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳስባቸው የእርሱ ዕረፍት ሳይሆን የራሳቸው ጸጥታ ነው። ከበደሉም ላይ ምንም አልቀንስም፤ በእርስዎ ዋስትና የዕቁብ ገንዘብ ተቀብላ የጠፋች ሴት በድላዎታለች፣ የእናትዎም ወርቅ በዚህ ሰበብ ከእጅዎ ወጥቷል።

ሆኖም ከስድስቱ ገጾች ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት፣ እርስዎ ባለፍ ገደም የጻፉትን የሽማግሌዎቹን ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት የእርስዎን ገንዘብ ነበር። በዚያን ቀን እሺ ብለው ቢሆንና እርሷም ቃሏን ጠብቃ ቢሆን፣ ዛሬ በእጅዎ 36,000 ብር ይኖር ነበር። ቃሏን አትጠብቅም ነበር ይሉኝ ይሆናል፤ ሊሆን ይችላል። ግን ሽማግሌዎቹን የመለሱበት ምክንያት «አትከፍልም» የሚል ጥርጣሬ እንዳልነበረ የራስዎ ቃል ይመሰክራል። «አላምናትም» አላሉም፤ «ይቅርብኝ» ነው ያሉት። ከሦስት ዓመት በፊት ገንዘቡን ለመሙላት የእናታቸውን ወርቅ የሸጡ ሴት፣ ያው ገንዘብ ደጃቸው ድረስ ሲመጣላቸው የመለሱት ለምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ገንዘቡ ሲመለስ አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር ነበር። ዕዳው ከተከፈለ ጥላቻው የሚቆምበት መሬት ያጣል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ጥላቻው ለእርስዎ ቀርቦ ነበር።

ይህን ለወቀሳ አልተናገርኩም። ምን ሆኜ ነው ብለው ስለጠየቁኝ፣ የሆኑትን ነገር ከዚህ መጀመር ስላለብን ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አሪስቶትል ቁጣንና ጥላቻን ለይቶ አስተምሯል፤ ልዩነቱ ዛሬም ይሠራል። ቁጣ ሁልጊዜ አንድን የታወቀ ሰው ስለ አንድ የታወቀ ነገር ይከስሳል፤ የተቆጣ ሰው የበደለው ሰው ሕመሙ እንዲሰማው፣ ከማን እንደመጣበትም እንዲያውቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ቁጣ፣ አስቀያሚ ቢሆንም፣ ገና ንግግር ነው፤ መልስ ይጠብቃል። ጥላቻ ግን መልስ አይጠብቅም። የሚጠላው ሰው እንዲያዝን ወይም እንዲጸጸት ሳይሆን እንዳይኖር ይመኛል፤ ያ ሰው ይወቀው አይወቀው ግድ የለውም። ጊዜ ቁጣን ያበርዳል፣ ጥላቻን ግን አይፈውስም ያለውም እርሱ ነው። ስለ መጀመሪያው ዓመት የጻፉትን ስመለከት ቁጡ ነበሩ፦ ስልክ ይደውሉ ነበር፤ ዘመዶቿን «የት ገባች?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ዓይኗን አይተው ሊጠይቋት የሚፈልጉት ነገር ነበረ። ስትመለስ ግን ሊጠይቋት አልሄዱም። ጥያቄው በመካከል አልቆ ነበር፤ የቀረው ሻይ ቤቷን ላለማየት መንገድ መለወጥ ብቻ ነበር።

በአማርኛችን «ቂም ቋጠረ» እንላለን። እናቶቻችን ሳንቲም በነጠላቸው ጫፍ እንደሚቋጥሩት መሆኑ ነው፤ የሚቋጠረው ደግሞ የማይፈለግ ነገር ሳይሆን እንዳይጠፋ የሚፈለግ ነገር ነው። ቋንቋው ያወቀውን እኛ እንረሳዋለን፦ ቂምን የምንይዘው የሆነ ጥቅም ስለሚሰጠን ነው። የሚሰጠውም ብዙ ነው። አንደኛ እርግጠኛ ያደርጋል፤ ማን ጥፋተኛ፣ ማን ንጹሕ እንደሆነ ጠዋት ሲነሡ ማሰብ አያስፈልግም። ሁለተኛ የጠፋውን ነገር ያቆየዋል፤ ወርቁ ቢሸጥም ወርቁ የተሸጠበት ታሪክ በእጅዎ አለ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ይህን ስጽፍ እየፈራሁ ነው፣ ጓደኝነቱን ያቆየዋል። ከልጅነት ጀምሮ አብራዎት ያደገችን ሴት በአንድ ቀን ከሕይወት ማውጣት አይቻልም። በፍቅር ትቀመጥበት የነበረው ስፍራ ባዶ ከሚሆን በጥላቻ ቢያዝ ይሻላል የሚል የልብ ሒሳብ አለ። «ጠላቴ» የሚለው ቃልም የጠላሁትንም የጠላኝንም አንድ አድርጎ ይጠራል፤ ሁለቱ ሰዎች በአንዲት ቃል ውስጥ ተቆላልፈው ይኖራሉ።

ይህ የእኔ ቅኔ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በለንደን የተደረገ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ 17 ሰዎችን የሚጠሉትን ሰው ፎቶግራፍ እያሳዩ የአንጎላቸውን ሥራ በመሣሪያ ተከታትለዋል። በጥላቻ ጊዜ ከሚነቁት የአንጎል ክፍሎች መካከል ፑታሜንና ኢንሱላ የሚባሉት ሁለቱ፣ ሰው የሚያፈቅረውን ሲያይም የሚነቁ ሆነው ተገኝተዋል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ሰው የሚወደውን ሲያይ ከፍርድና ከሚዛን ጋር የተያያዙት የአንጎል ክፍሎች በሰፊው ጸጥ ሲሉ፣ የሚጠላውን ሲያይ ጸጥ የሚለው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። አፍቃሪ የወዳጁን ጥፋት አይቆጥርም፤ የሚጠላ ሰው ግን ቆጠራውን አያቋርጥም። ሻይ ቤቷ ስንት ወንበር እንዳለው፣ የትኛው ቀን ገበያ እንደሚቀናት፣ ምን ዓይነት አዲስ ቀሚስ እንደለበሰች በደብዳቤዎ ውስጥ አለ፤ እርስዎ ግን በዚያ መንገድ አላልፍም ብለዋል። ይህን ሁሉ ማን ይነግርዎታል? እየጠየቁ ነው ማለት ነው።

ስለ ሰውነትዎ ልናገር። ጨጓራዎን እርሷ እንዳሳመመችው ጽፈዋል፤ «ጨጓራዬን ላጠችው» የሚል አባባልም አለን። ፍርዱ ግን ትንሽ ይቆይ። አብዛኛው የጨጓራ ቁስል ኤች ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያና ከአንዳንድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች እንደሚመጣ ከታወቀ ቆይቷል፤ ባክቴሪያውን ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይመርመሩ። ባክቴሪያው ከተገኘብዎ መድኃኒት አለው፣ በዚህች አንዲት ነገር ደግሞ ጓደኛዎ ነጻ ትወጣለች። እንቅልፍ ማጣትዎንና የልብዎን መምታት በተመለከተ ግን ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የኮሌጅ ተማሪዎች የበደላቸውን ሰው እያሰቡ ቂማቸውን ሲያብሰለስሉ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ እንደሚል፣ ግንባራቸው እንደሚኮማተር፣ ላባቸውም እንደሚጨምር አሳይቷል። በዚያ ክፍል ውስጥ በዳዩ አልነበረም፤ በዳዩ ምናልባት በዚያች ሰዓት ምሳውን እየበላ ነበር።

«ማብሰልሰል» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉት፤ የድስት ሥራ ነው። ድስት ደግሞ እሳቱን ካልጨመሩበት በራሱ አይፈላም። እሳቱ የሚጨመረው የት እንደሆነ ከደብዳቤዎ ያገኘሁት ይመስለኛል፦ ቡና ላይ ነው። ጎረቤት በተሰበሰበ ቁጥር ታሪኩን እንደሚያነሡት፣ በአቦል የጀመሩት ወሬ ቶናን አልፎ እስከ በረካ እንደሚዘልቅ፣ ከዚያም ሌሊቱን እንደሚገላበጡ ጽፈዋል። ሲናገሩት የሚቀልልዎ ይመስልዎታል። እኔ ግን አንድን በደል ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ከሥሩ ዘርዝሮ መናገርና ያንኑ በደል በየቀኑ ለተለያየ ሰው መተረክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው እላለሁ። የመጀመሪያው ቁስልን ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ቅርፊቱን መላጥ ነው። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር ሹልነቱ ይጨምራል፣ የሚያለዝበው ዝርዝር ሁሉ ይረግፋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጓደኛዎ የጠፋችበት ወቅት ባሏ ከሥራ የተባረረበት ወር እንደነበረ ጽፈዋል፤ በስድስተኛው ገጽ ላይ ያው ታሪክ ሲደገም ባልየው የለም፣ ገና ዕቁብ ስትገባ ጀምሮ ያሰበችበት ሌባ ብቻ ናት። የትኛው እውነት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የአንድ ወገን ደብዳቤ ነው የያዝኩት። ሁለቱን የጻፈው ግን አንድ እጅ ነው።

ራስዎን ወደፈሩበት ሌሊት ልምጣ። ሕፃኑ ታሞ ሆስፒታል ገባ ሲባል ደስ አለዎት። ይህን ለማንም እንዳልነገሩት ጽፈዋል፤ ለእኔ መንገርዎ ቀላል አልነበረም። ያ ልጅ ዕቁብ አልበላም። በዚያን ወቅት ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ወደ እርሱ አይደርስም ነበር፤ ቁጣ ባለዕዳውን ያውቃል። ጥላቻ ግን ከአንድ ሰው ይጀምርና ያን ሰው የነካውን ሁሉ ይከተላል፦ ልጆቿን፣ ሻይ ቤቷን፣ መንገዱን፣ ከመንገዱ የሚታየውን ሐይቅ ሳይቀር። በዚያኛው በኩል ደግሞ ከእርስዎ ወደ ልጅዎ ተሻግሯል። የ9 ዓመት ልጅ ስለ ዋስትናና ስለ ዕጣ ምን ታውቃለች? ዕዳውን አላወረሷትም፤ ጥላቻውን ግን ወርሳለች፣ ከእርስዎ የሚለየው የእርሷ ጥላቻ ምንም ምክንያት የሌለው መሆኑ ነው። በዚህ አገር በደም የሚፈላለጉ ቤተሰቦች ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቀጥላል፤ መጀመሪያ የተጋጩት ሰዎች ሞተው፣ የተጣሉበት ድንበር እንኳ ተረስቶ፣ የልጅ ልጆች የማያውቁትን ሰው «ደመኛዬ ነው» እያሉ ያድጋሉ።

እርስዎ የጣና ሰው ነዎትና የክርስቶስ ሠምራን ታሪክ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ነሐሴ 24 ቀን ለበዓሏ ወደ ገዳሟ ጓንጉት ወርደውም ይሆናል። ገድሏ እንደሚተርከው፣ ቅድስቲቱ ከመመንኗ በፊት ልጆችና አገልጋዮች ያሏት ባለጸጋ ነበረች፤ አንድ ቀን በቁጣ አገልጋይዋን በእሳት ትንታግ ገደለቻት። በእጇ የሆነውን አይታ ደነገጠች፤ አልቅሳ ጸለየች፣ አገልጋይዋም ተነሣችላት፣ ከዚያ በኋላ ቤቷን ትታ ወጣች። ይህቺው ሴት ናት በኋላ፣ የሰው ልጅ ከመከራው እንዲያርፍ፣ እግዚአብሔርን ከዲያብሎስ ጋር ላስታርቅ ብላ የለመነችው። ቅዱስ ሚካኤል እየመራት ወደ ሲኦል ወረደች፤ ዲያብሎስ ግን ልታስታርቀው የመጣችውን ይዞ ወደ ጥልቁ ጎተታት፣ ያስጣላትም ሚካኤል ነው። ሰባኪያን ብዙውን ጊዜ ርኅራኄዋን ያነሣሉ፤ እኔ ሁለት ቦታ ላይ እቆማለሁ። አንደኛው፣ ይህን ያህል ርኅራኄ የመጣው ራሷን ከፈራች ሴት መሆኑ ነው። ሁለተኛው የዲያብሎስ መልስ ነው፦ እርቅ ደጁ ድረስ ሲመጣለት ምን እንደያዘለት እንኳ አልጠየቀም። ከእርሱ ጋር እያመሳሰልኩዎ እንዳይመስልዎ፤ ግን ሽማግሌዎቹን ሲመልሱ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋቸው ነበር?

እኔም ከዚህ በሽታ የዳንኩ አዋቂ ሆኜ አይደለም የምጽፍልዎ። ድሮ በሠራሁበት ቦታ የደከምኩበትን ሥራ በስሙ ያስመዘገበ ባልደረባ ነበረኝ። ስድስት ዓመት ጠላሁት። ካገኘሁት የምለውን ነገር አርሜ፣ አሳጥሬ፣ ስለት አውጥቼለት በቃሌ ይዤው ነበር። አንድ ቀን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። ልቤ መምታት ጀመረ። እርሱ ቆሎ ዘረጋልኝና «የት ነው የምንተዋወቀው?» አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለው ተረት እውነት መሆኑን ያን ዕለት ከቆሎው ጋር አጣጥሜ አወቅሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ስከራከር የኖርኩት በራሴ ውስጥ ካስቀመጥኩት ሰው ጋር ነበር፤ ይህኛው ሽበት ያወጣ፣ እግሩን የሚያመው መንገደኛ ነው። ይቅር አላልኩትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። አዲስ ዘመን ስንደርስ ቆሎው አለቀ፣ ወረታ ሳንደርስ እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ምን ያድርጉ ወደሚለው እንሂድ። ከሁሉ በፊት ገንዘቡንና ጥላቻውን ይለያዩአቸው፤ እስካሁን አንድ ላይ ተቋጥረው ነው የቆዩት። ዕዳው የእርስዎ መብት ነው፤ ለመቀበል መታረቅም፣ ፈገግ ማለትም አይጠበቅብዎትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ሌላ ሰው ዕዳ የከፈለ ዋስ የከፈለውን ከዋናው ባለዕዳ እንዲያስመልስ መብት ይሰጠዋል፤ ከውል ለሚመነጭ ጥያቄም፣ ሕጉ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ የይርጋው ጊዜ 10 ዓመት ነው። እንግዲህ አልመሸብዎትም። የዕቁቡ ጸሐፊ መዝገብና የዕቁቡ ዳኛ ምስክርነት በእጅዎ እንዲሆን ያድርጉ፤ ከአንድ የሕግ ባለሙያም ይማከሩ። ነገር ግን ክስ ከመመሥረትዎ በፊት የመለሷቸውን ሽማግሌዎች እንደገና ቢጠሯቸው እመርጣለሁ፤ ልዝብ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ በበኩሉ ጥላቻን ዓመት ከዓመት የሚቀልብ ነገር ስለሆነ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ምናልባት ዕዳውንና እርቁን አንድ ላይ አድርገው ያቀርቡልዎታል፤ የሽምግልና ወጉ እንዲሁ ነው፣ ለዘመናት የሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። እርስዎ ግን በትሕትና «አባቶቼ፣ ዕዳዬን እቀበላለሁ፤ እርቁን ልቤ ሲደርስ እነግራችኋለሁ» ማለት ይችላሉ። ይህን መልስ የሚያከብሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ከማያከብሩት ጋር ጉዳዩን አይያዙ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ በምስክር ፊት ይፈረም፣ በየወሩ የሚከፈለውም በባንክ ሒሳብዎ ይግባ እንጂ በሰው እጅ አይላክ። ባንክ ይሁን ያልኩት ለደኅንነቱ ብቻ አይደለም፤ 2,000 ብሩ ስልክዎ ላይ ገቢ ሆኖ ሲታይ እርሷን ማየት አያስፈልግዎትም። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ ሲገባ ደስ ከማለት ይልቅ ቅር ሊልዎ እንደሚችል ግን ከአሁኑ ይወቁት። የሚያጡት ነገር ስላለ ነው፤ ጥቂት ወራት ይታገሡት።

ለቡናው ጉዳይ የምሰጥዎ ምክር ከባድ አይደለም። ታሪኩን ሙሉውን፣ የሕፃኑን ጭምር፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይንገሩት፤ የነፍስ አባትዎ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ሲያነሣው «እርሱ በሽማግሌ ተይዟል» ይበሉና ስኒውን ያቀብሉ። ሐሳቡ በአንድ ጊዜ ይተውዎታል አልልም። ሐይቁ ላይ የሚሠሩትን የደንገል ታንኳዎች አይተው ያውቃሉ፤ ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ በሄደ ቁጥር ይከብዳል። ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ከውኃው አውጥቶ ዳር ላይ ያቆመዋል፣ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሌሊቱን ከነውኃው የተተወ ታንኳ በሚቀጥለው ቀን ሰው መሸከም ያዳግተዋል። ማታ ማታ፣ ከእራት በኋላ ያለውን ሰዓት ብቻ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ያድርጉት። ሐሳቡ ከመጣ «ነገ በቀን» ብለው ቀጠሮ ይስጡት። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን እንቅልፍዎ የጠፋው በዚያች ሰዓት ነው።

ከዕድሩ አይውጡ። ዕድር የገቡት ለእርሷ ብለው አይደለም፤ በራስዎ ቤት ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ወንበሩን የሚያመጣው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለው ይህ ማኅበር ነው። ለቅሶ ቤት ብትገናኙ ሁለታችሁም ሥራ አላችሁ፤ እርሷ ውኃ ስትቀዳ እርስዎ እንጀራ ያቅርቡ፣ መነጋገር ግዴታ አይደለም። የሰላምታ ነገር ካስጨነቀዎ፣ አንገት ዝቅ አድርጎ ማለፍ በእኛ አገር በቂ ሰላምታ ነው።

ለልጅዎ የሚነግሯት ነገር አጭር ይሁን፦ «እኔና እናቷ የገንዘብ ጉዳይ አለን፤ እርሱ የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው፣ ከጓደኛሽ ጋር አይገናኝም።» «ተጫወቺ» ብለው አያስገድዷት፤ ልጆች ፈቃድ ሲያገኙ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። እርስዎ እስከዛሬ በቃል አልከለከሏትም ይሆናል፣ ግን ስሟ ሲነሣ ፊትዎ ሲለወጥ ማየቷ አልቀረም። የሕፃኑንም ደኅንነት፣ ድኖ ከሆነ አሁን የት እንዳለ፣ ከዕድሩ ሴቶች ከአንዷ ይጠይቁ። ለማንም ብለው ሳይሆን፣ በዚያች ሌሊት ያቆሙት ሐሳብ መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ ስላለብዎት ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው አሁን ዘጌ ልጃቸው ዘንድ እንዳሉና ስልክ እንደማይዙ ጽፈዋል። እንግዲያው መሄድ ይኖርብዎታል። የዘጌው ጀልባ ጠዋት ይነሣል፤ ወደ ጀልባው መነሻ የሚያደርሰው የቅርቡ መንገድ በሐይቁ ዳር፣ በሻይ ቤቷ ፊት ለፊት ነው። ባጃጅ አይያዙ።